«አያቴ ያንኑ የእስር ታሪክ ለምን ይደጋግማሉ?»

ጥያቄው ከአዳማ የመጣ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«አያቴ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው። በደርግ ጊዜ በእምነታቸው ምክንያት ታስረዋል። ገናም ይሁን ፋሲካ፣ ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር ያንኑ ታሪክ ይነግሩናል። በቃላችን ይዘነዋል። ባለፈው አንዷ ጓደኛዬ ‹እናንተ አናሳ ሃይማኖቶች ሁላችሁም ያው ናችሁ፤ ተበደልን ማለት ትወዳላችሁ› አለችኝ። ተናደድኩ፤ ግን መልስ አጣሁ። እውነት ለምንድን ነው የሚነግሩን? ቂም ነው? እንዲታዘንላቸው ነው? ወይስ ሌላ ነገር?»

የሃይማኖት ታሪክ አስተምራለሁ። እንደ አያትሽ ካሉ ሰዎች ፊት መቅረጫ አስቀምጬ ብዙ ከሰዓት በኋላዎች አሳልፌያለሁ። ስለዚህ ያንን «በቃላችን ይዘነዋል» ያልሽውን ስሜት በደንብ አውቀዋለሁ። ጥያቄሽን ግን ትንሽ ላዙረው። «ለምን ይናገራሉ?» ከማለትሽ በፊት «ለማን ነው የሚናገሩት?» በይ። የስደት ታሪክ ሰሚው ሲለወጥ ሥራውም ይለወጣል። ጓደኛሽ የሳተችው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለልጅ ልጅ የተነገረውን ለእሷ እንደቀረበ ክስ አድርጋ ሰማችው።

ለንጉሥ በተነገሩት ልጀምር፤ የእኛም አገር ስላለበት።

እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም መጡ። ያሳደዷቸው የመካ ሹማምንት፣ ቁረይሾች፣ ተከትለው መልእክተኞች ላኩ። መልእክተኞቹ የቆዳ እጅ መንሻ ለመኳንንቱም ለንጉሡም አከፋፍለው «ሰዎቻችንን መልሱልን» አሉ። በሙስሊሞች ትውፊት እንደሚነገረው በስደተኞቹ ስም የቆመው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ነው። ንግግሩን ልብ ብለሽ ብታይው በዱላና በእስር አይጀምርም። «እኛ ምንም የማናውቅ ሕዝብ ነበርን» ብሎ ነው የሚነሳው። ጣዖት እናመልክ ነበር፣ ብርቱው ደካማውን ይበላ ነበር፣ ከዚያ ከመካከላችን ነቢይ ተነሳልን ይላል። በደሉ የሚመጣው በመጨረሻ፣ ያውም በጥቂት ቃላት ነው። ንጉሡ «እስቲ ከመጣላችሁ ቃል አሰማኝ» ሲለው ደግሞ ጃዕፈር የመረጠው ከቁርኣን የመርየምን፣ የማርያምን፣ ምዕራፍ ነው። ለክርስቲያን ንጉሥ! ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ ይባላል።

ጃዕፈር ሆድ ብሶት ብቻ አልነበረም የተናገረው። ጉዳይ እያስፈጸመ ነበር። ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ጥገኝነት ሲጠይቁ «ኬዝ» የሚሉት ነገር ነው። የመወሰን ሥልጣን ላለው ሰው፣ እሱ በሚገባው ቋንቋ፣ እሱ በሚያከብረው ስም አቀረበው። ይህ ውሸት አያደርገውም። ሰሚን ማወቅ ነው።

ከዚያ ዘጠና ዓመት ገደማ ቀድሞ ተመሳሳይ ነገር ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በደቡብ ዐረቢያ በምትገኘው ናግራን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ523 የሒምያር (የዛሬዋ የመን) አይሁዳዊ ንጉሥ ዩሱፍ፣ በእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ የሚባለው፣ የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ። ወሬውን ካሰራጩት አንዱ ስምዖን ዘቤተ አርሳም የሚባል ጳጳስ ነው። በሱርስት ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ውስጥ የሚገርመኝ ነገር አለ። ስምዖን እንደሚለው የሒምያሩ ንጉሥ ያደረገውን እየፎከረ ለሌላ ንጉሥ ጽፎ ነበር፤ ያ ጽሑፍ ሲነበብ ስምዖን እዚያው ደረሰ። የገዳዩ ፉከራ የተገዳዮቹ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። በድንጋይ ላይ የተቀረጸ የሒምያር ጦር ጽሑፍም እስከ ዛሬ አለ። ከ12 ሺህ በላይ ገደልን፣ 11 ሺህ ማረክን ይላል፣ ስለ ዘመቻው ሁሉ። ወሬው ባሕር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ525 ዐፄ ካሌብ ዘመተ። በስንክሳራችን የናግራን ሰማዕታት እስከ ዛሬ ይታሰባሉ።

እንግዲህ ታሪኩ ሲነገር ጦር ያንቀሳቅሳል። ይህን መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ብዬ አላልፈውም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንዳንዴ ደግሞ የሚሰማ ንጉሥ የለም። አሳዳጁ ራሱ ንጉሡ ነው። ያኔ ታሪኩ ለማን ይነገራል?

ደቂቀ እስጢፋኖስን ታውቂያቸዋለሽ? በ15ኛው ክፍለ ዘመን በትግራይ የተነሡ መነኮሳት ናቸው፤ የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች። ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለንጉሥ አንሰግድም አሉ። ንጉሡ ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበር። በዚህ ነገር የሚቀልድ ሰው አልነበረም። «ፀረ ማርያም» የሚል ስም ወጣላቸው። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆርጦ የካቲት 2 ቀን ተወገሩ። በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ ከሰማይ ብርሃን ወረደ። ንጉሡ ቦታውን ወደደው፤ ቤተ ክርስቲያን ሠራበት፤ ስሙም ደብረ ብርሃን ተባለ።

አሁን ቆም በይ። በዜና መዋዕሉ ብርሃኑ የንጉሡን ፍርድ ትክክለኛነት የሚያሳይ ምልክት ነው። ገድል አንብቦ ያደገ ሰው ግን ሰማዕታት በወደቁበት ቦታ ብርሃን ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አንድ ብርሃን፣ ሁለት ንባብ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የራሳቸውን ባይጽፉ ኖሮ የቀረልን የአሳዳጁ መዝገብ ብቻ ነበር፤ እነሱም «ፀረ ማርያም» ሆነው ይቀሩ ነበር። ግን ጻፉ። በግእዝ፣ በገዳማቸው፣ የአባቶቻቸውን ገድል እየጻፉ ደበቁ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚያን ገድሎች ወደ አማርኛ መልሰው ያሳተሙት ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ክሱን በራሳቸው አንደበት ሲመልሱ የሰማነው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ይረዳሻል። «ሰማዕት» የመጣው ሰምዐ ከሚለው የግእዝ ግስ ነው። ምስክር ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችሁም አንድ ሰው ተነስቶ የሆነበትን ሲናገር «ምስክርነት ሰጠ» ነው የምትሉት። ምስክር ደግሞ ዳኛ ባይኖርም ቃሉን ይሰጣል። ቀን ያልፋል፣ ዳኛ ይመጣል ብሎ።

ወደ አያትሽ ልምጣ። በእርግጥ የአያትሽ ታሪክ ከሁለቱም የተለየ ይመስለኛል። የሚናገሩት ለካሌብም አይደለም፣ ለመዝገብም አይደለም። በፋሲካ ማዕድ ዙሪያ ለተቀመጡ፣ ጠግበው ለበሉ የልጅ ልጆች ነው። ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አለኝ፤ ደግሞ ከእናንተው ቤት ነው።

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መነሻ ሜኖናይቶች ናቸው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለእርዳታ መጥተው ናዝሬት፣ ያንቺው አዳማ፣ ሆስፒታል የከፈቱት። የሜኖናይቶች የጥንት አባቶች በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ «ዳግም አጥማቂዎች» ይባሉ ነበር። ስሙ ስድብ ነበር፤ እንደ «ጴንጤ» በይው። ሕፃን አይጠመቅም፣ ሰይፍ አንይዝም፣ አንምልም በማለታቸው በእሳትም በውኃም ተገደሉ።

ከእነሱ አንዱ ዲርክ ቪለምስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1569 ሆላንድ ውስጥ አስፔረን በምትባል ከተማ ከእስር አመለጠ። ክረምት ነው፤ ውኃው በስሱ በረዶ ተጋግሯል። ዲርክ በላዩ ሮጦ ተሻገረ። ያሳድደው የነበረው ሰው ግን በረዶው ተሰበረበትና ሰመጠ። ዲርክ ተመለሰ። እጁን ዘርግቶ አወጣው። ያ ሰው ሊለቀው ፈለገ፤ ሹሙ ግን ከማዶ «መሐላህን አትርሳ» ብሎ ጮኸበት። ዲርክን መልሰው ያዙት፤ አቃጠሉት።

ይህ ታሪክና መሰሎቹ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ተሰብስበዋል፤ «የሰማዕታት መስተዋት» ልንለው እንችላለን። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1660 ነው። ቀኑን አስተውይ። በሆላንድ ግድያው ከቆመ ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፏል። በዚያን ጊዜ ሜኖናይቶቹ ነጋዴዎች፣ ባለ መርከቦች፣ ሀብታሞች ናቸው። ታዲያ ሰብሳቢው ቫን ብራክት ይህን ሁሉ መከራ ለምን አሁን ቆፍሮ አወጣው? መግቢያው ላይ ይነግረናል። ያሁኑ ዘመን ከሰማዕታቱ ዘመን ይከፋል ይላል። ያኔ ሰይጣን በግልጽ እንደ አንበሳ ይመጣ ነበር፤ አሁን ግን በድሎት ነው የሚመጣው። የሚያማርረው ስለ ትልልቅ ቤት፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ድግስ ነው። አሳዳጆቹን አይደለም የሚገሥጸው፤ የራሱን ምዕመናን ነው።

ገባሽ? የስደት ታሪክ በብዛት የሚነገረው ስደቱ ሲያልፍ ነው። ሰው በእሳት መካከል ሆኖ መጽሐፍ አይጠርዝም። ሲመቸው ነው የሚጽፈው፤ ምቾቱ ሲያስፈራው።

የዚህ መጽሐፍ ቀጣይ ታሪክም ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ አሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ የሰፈሩ ሜኖናይቶች ጦርነት እየመጣ መሆኑ ተሰማቸው። ወጣቶቻቸው ጦር መሣሪያ አንሱ ሲባሉ ምን ይመልሳሉ? ያንን ከ1,500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ አስተርጉመው አሳተሙት። ልጆቻቸው እንዲጠነክሩ፣ ለስንቅ። በአሜሪካ አብዮት ጊዜ ግን ወታደሮች መጥተው ያልተጠረዙትን ቅጂዎች ወሰዱ። ለጥይት መጠቅለያ ወረቀት ፈልገው ነው። ስለ ሰላማውያን ሞት የሚያወራው ወረቀት ባሩድ ተጠቀለለበት። (ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ይስቃል። እኔም አንዳንዴ ያስቀኛል፣ ዕድል እንዲህ ስታላግጥ።)

አያትሽ ይህን መጽሐፍ አንብበው ይሁን አይሁን አላውቅም። ሥራቸው ግን ያው ነው። በ1974 ዓ.ም. ጥር ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ። ያኔ አባላቱ ወደ 5 ሺህ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ 34 ሺህ ገደማ ሆነው ወጡ። በየሳሎኑ፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ቡና የሚጠጣ እየመሰለ ነው ያደጉት። አንዲት እናት «መዝሙሩን በከንፈራችን ብቻ ነበር የምንዘምረው፣ ድምፅ የለውም» ብላኛለች። ዛሬ የእሷ የልጅ ልጆች በማይክሮፎን ይዘምራሉ፤ ያውም ጎረቤት እስኪያማርር። ታሪኩን የምትነግራቸው ለዚህ ነው። ይህ ድምፅ በነፃ እንዳልመጣ እንዲያውቁ።

ሌላም ሰሚ አለ፤ «አንተ ከእኛ አይደለህም» የሚል ዘመድ። ቤተ እስራኤሎች፣ የአገራችን አይሁዶች፣ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ 4 ሺህ ያህል ሰው በመንገድና በመጠለያ ካምፕ አልቋል። እዚያ ሲደርሱ ግን ዋናው የረቢዎች መሥሪያ ቤት አይሁድነታቸውን ተጠራጠረ፤ ለማረጋገጫ የሚሆን ሥርዓት ይፈጸምባቸው አለ። በ1985 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም በመሥሪያ ቤቱ ፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ያኔ ያ የመንገድ ታሪክ መከራን ማስታወሻ ብቻ አልሆነም። «አይሁድ በመሆናችን ነው የተጓዝነው፣ የሞትነው፤ ምን ሌላ ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?» የሚል መልስ ሆነ። ዛሬ በሄርዝል ተራራ በመንግሥት ደረጃ መታሰቢያ አላቸው።

እስካሁን ለአያትሽ ጠበቃ ሆንኩ። አሁን ለጓደኛሽም ትንሽ ልቁም።

የስደት ታሪክ ሲደጋገም ይለሰልሳል፤ ጠርዙ ይሟሽሻል። አንዳንድ ሰው ከውስጡ ይወጣል። መጀመሪያ የሚወጡት እጅ የሰጡት ናቸው። በቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ ሲያዝ እምቢ ብለው የተዋጉ አሉ፤ የሸሹም አሉ። ብዙው ሰው ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። ይህ አባባል እንደ ቀልድ ይነገራል። ለእኔ ግን ከባዱ ታሪክ እሱ ነው። ልጁን በሌሊት ሶላት ያስተማረው አባት ገድል የለውም። በደርግ ጊዜም ወረቀት ላይ ፈርመው የወጡ አሉ። አንድ ሽማግሌ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከነገሩኝ በኋላ መቅረጫውን እንዳጠፋ ጠየቁኝ። አጠፋሁ። ከዚያ ስለ አንድ የእስር ቤት ጓደኛቸው ነገሩኝ። አልጽፈውም ብዬ ቃል ስለገባሁ እዚህም አልጽፈውም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናው ታሪክ መቅረጫው ከጠፋ በኋላ ያለው ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ የሌላው መከራ ከታሪኩ ተቆርጦ ይወጣል። በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ። በዚያው ዓመት የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው መንግሥት ተገድለዋል። ስንት ቤት ውስጥ ነው ሁለቱ ስሞች በአንድ ትንፋሽ የሚነሱት? በእኔ ልምድ በጣም ጥቂት። በተቃራኒው ደግሞ ሁሉም ነገር የደርግ አይደለም። የሙሉ ወንጌል አማኞች ወደ 250 የሚሆኑ በ1964 ዓ.ም. ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ሲታፈሱ ደርግ ገና አልመጣም። ከእድር ማስወጣት፣ የመቃብር ቦታ መከልከል ደግሞ የመንግሥት ሥራ ሳይሆን የጎረቤት ሥራ ነበር። ጎረቤት ስለሆነ ነው ሳይነገር የሚታለፈው። ነገም እንገናኛለና።

ሦስተኛው የሚያስከፋ ነው። የራስ ወገን ያደረገው በደልም ከታሪኩ ይወጣል። ወደ ናግራን ልመልስሽ። በዘመኑ ከተጻፉት ታሪኮች አንዱ፣ የሒምያር ንጉሥ የሮም ነጋዴዎችን የገደለው «በሮም ምድር አይሁዶች ስለሚበደሉ ነው» ማለቱን ይጠቅሳል። በደሉ እውነት ነበር። ብድሩ የተከፈለው ግን በማይመለከታቸው ሰዎች ላይ ነው። የፕሮቴስታንቱም ቤት ከዚህ አይድንም። እ.ኤ.አ. በ1527 ከዳግም አጥማቂዎቹ አንዱን፣ ፊሊክስ ማንዝን፣ ዙሪክ ከተማ ላይ ወንዝ ውስጥ አስምጠው የገደሉት ካቶሊኮች አልነበሩም። ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ራሳቸው ከሮም እሳት የሚሸሹ ፕሮቴስታንቶች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አያትሽ ባይወዱትም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ 18.6 በመቶ ሆኗል። ዛሬ ጴንጤ ሚኒስትር ማየት ዜና አይደለም። ቡድን ሲያድግ ታሪኩ አብሮ አያድግም፤ እንደ ድሮው ትንሽ፣ እንደተሳደደ ይቀራል። ያኔ የትናንቱ እስር ለዛሬ ጥያቄ መመለሻ ጋሻ ሊሆን ይችላል። ጓደኛሽን ያናደዳት ይህ ከሆነ አልፈርድባትም።

አንድ የማደንቀው ምሳሌ ልንገርሽ። ኢራን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 ሰኔ፣ በሺራዝ ከተማ የባሃኢ እምነት (እዚያው ኢራን የተነሳ አናሳ ሃይማኖት ነው) ተከታይ የሆኑ አሥር ሴቶች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። ታናሿ 17 ዓመቷ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ ባሃኢዎች ሲያስታውሷቸው «ታሪካችን አንድ ነው» የሚል ርዕስ መረጡ። የሌሎችን ኢራናውያን ሴቶች ትግል ከራሳቸው ሟቾች ጎን አቆሙት። በደላቸውን አላሳነሱም፣ አልደበቁም። አጥሩን ብቻ ወደ ውጭ ገፉት።

በሚቀጥለው በዓል እንግዲህ አያትሽ ሲጀምሩ አታቋርጫቸው። በቃልሽ የምታውቂውን እስኪጨርሱ ጠብቂ። ከዚያ ስልክሽን ወደ ጎን አድርጊና ማንም ያልጠየቃቸውን ጠይቂያቸው። እስር ቤት ስንቅ ያመጣልዎ የነበረው ማን ነበር? ከእናንተ እምነት ነበር ወይስ ከሌላ? አብረዋችሁ ከታሰሩት ፈርሞ የወጣ ነበር? ከወጣችሁ በኋላ አገኙት? ምን ተባባላችሁ?

ከቻልሽ ያቺን ጓደኛሽንም ይዘሻት ሂጂ።